እንደ «ሰባተኛው ጃንጥላ» ያለ ሌላ አለ ወይ?

አዳማ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዚያች ስልክ ለማታነሳው፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? የዱከም አቧራ ጉሮሮሽን እንዴት አደረገው? ያ ዝምተኛ ባልሽ ዱጋሳስ ደህና ነው? ዛሬም ሲያስነጥሰው ቤቱን ሙሉ ይቅርታ ይጠይቃል? እኔ አጎትሽ ከአንገቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አንገቴ ግን ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ወገን ወደ ቴሌቪዥን ሲያይ ከርሞ አሁን ወደ ቀኝ አልዞርም ብሏል። ከቀኝ በኩል ባጃጅ ሲመጣብኝ የማውቀው በሾፌሩ ስድብ ነው።

ደብዳቤዬን የምታደርስልሽ ሲና ናት፤ ከእናትሽ አጥር ማዶ ያለችው፣ ካንቺ ፋብሪካ አጠገብ የምትሠራው ልጅ። በወረቀት የጻፍኩልሽ ስላረጀሁ እንዳይመስልሽ። አንቺ ጋ በደወልኩ ቁጥር «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» የምትለዋ ሴትዮ ሰለቸችኝ። በዚህ ዓመት ካንቺ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ አውርተናል፤ ትንሽ ቢቆይ ሽማግሌ ልልክባት ነበር።

እናትሽ እንዴት ናት ካልሽ፣ አላልሽም እንጂ ካልሽ፣ ደህና ናት። ከደህናም አልፋ እኔን ልትገድለኝ ነው። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። አንድ የቻይና የፍቅር ተከታታይ ፊልም ጠቁሚኝ። አትሳቂ! ቀኑን ሙሉ እዚያ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ለቻይኖቹ የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅልኝ ነው? እኔ እንደሆንኩ መላው ጠፍቶኛል፤ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ተናድጃለሁም። በማን እንደተናደድኩ እየቆየሽ ታገኚዋለሽ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ በጥር ወር ያን ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ከሄድሽ በኋላ እናትሽ ያንን ከወንጂ ክሊኒክ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ከእጇ የማይለየውን ዳንቴል እንኳ ጣለችው። ሶፋው ላይ ትቀመጥና ግድግዳ ታያለች። አንድ ቀን ብመጣ ግድግዳ፣ በሦስተኛው ቀን ብመጣ ያው ግድግዳ። ይህች ሴት ግድግዳ ከምታይ ቻይና ትይ አልኩና ዲሽ ሰቀልኩላት። ከሰዓት በኋላ የጥገና ሱቄን እየዘጋሁ አብሬያት ማየት ጀመርኩ።

ፊልሙ በቻይንኛ ነው፤ ከሥሩ እንግሊዝኛ ይጻፋል። እናትሽ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ስለዚህ የማነበው እኔ ሆንኩ። የእኔን እንግሊዝኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከቴሌቪዥን መጠገኛ መጽሐፍ በራሴ የለቀምኩት ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ የገባኝ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «ከፍተኛ ኃይል አለ፤ ክዳኑን አትክፈት» የሚለው ነው። ለፍቅርም ቢሆን ክፉ ምክር አይደለም። ነገር ግን ፍቅረኞቹ ዝናብ ውስጥ ቆመው ረጅም ንግግር ሲያወርዱ የማውቀው ቃል ከአምስት አንድ ነው። የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። እናትሽ «ይህን ሁሉ አፉን ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ ‹ወደድኩሽ› ብቻ ነው ያለው?» ስትለኝ «እና ‹በልተሻል ወይ?› ብሏታል» እላታለሁ። በዚህ ዓይነት እየቆየሁ ደፋር ሆንኩ።

የመጀመሪያው ፊልማችን «ሰባተኛው ጃንጥላ» ነበር። ልጅቷ ዝናብ በማያባራበት ከተማ የምትኖር፣ ልጁ ከሌላ አገር መጥቶ ጃንጥላ የሚጠግን። ስድስት ጃንጥላ ጠግኖላት በሰባተኛው ተዋደዱ። እናትየዋ ባሏ የሞተባት፣ ያለችውን አንዲት ልጅ ጥርሷን ነክሳ ያሳደገች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ናት። ማንን እንደምትመስል አልነግርሽም።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ የልጁ አያትና ሁለት አጎቶቹ ካባ መሳይ ነገር ለብሰው፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዘው የልጅቷን እናት ደጅ መጡ። እናትሽ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ሽማግሌ ናቸው?» አለችኝ። «ናቸው» አልኳት። ያቺ ቻይናዊት ብድግ አለችና ስጦታውን ከነወረቀቱ ደጅ ወረወረችው። ከሥሩ የተጻፈው ቃል ደግሞ፣ ጉድ ፈላ፣ እኔ እንኳ የማውቀው ነው፦ «ውጡ! ሁለተኛ እንዳትመለሱ!» ይላል።

ወደ እናትሽ ዞር ብል ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ላድርግ? ምላሴ ቀደመኝ። «‹ዛሬ ሂዱ፤ በሁለተኛው ተመለሱ› አለቻቸው» አልኳት።

እናትሽ ጭኗን በጥፊ መታችው። «ይኸው! ይኸው! ቻይናም እንዲሁ ነው! ሂዱ ማለት እኮ ተመለሱ ማለት ነው! የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ሰው ልጁን ገበያ ያወጣ አይመስልም?» አለች። ከሄድሽ ጀምሮ ያላወጣችውን ነገር የዚያን ከሰዓት ዘረገፈችው።

የዱጋሳ ሽማግሌዎች ከኩየራ የመጡ ዕለት አንቺ ጓዳ ሆነሽ የሰማሽው «ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም፤ ተነሱልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ያልሰማሽው ሌላ ነገር አለ። እናትሽ በዚያው ዕለት ወደ እድሯ ዳኛ ሄዳ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስመዝግባ ነበር። በሁለተኛው ሲመጡ መቀመጫ እንዳያንሳቸው ብላ። ስድስት ብርጭቆም ገዝታ ነበር፤ አሁንም ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ። አንቺ ግን ሐሙስ ሄድሽ። በሳምንቱ ከዱጋሳ ጋር ማዘጋጃ ቤት ፈረማችሁ ሲባል ሰማን። «እሁድ ወንበሩ መጣ፤ ሰው አልመጣም» አለችኝ እናትሽ። 

አሁን እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ አንድ ዙር በግቢው ዞሬ መጣሁ። የሚቀጥለውን ልጽፈው አልፈለግኩም፤ ግን ለዚህ ስል ነው ወረቀት የገዛሁት።

ሽማግሌዎቹን እስከ መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ትልቅየው፣ የዱጋሳ አጎት ኦቦ ሮባ፣ ከባጃጁ ሲወርዱ እጄን ይዘው «ወንድሜ፣ እንግዲህ ተስፋ አለው ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰውየው እኮ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔ ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው፦ «እሁድ ተመለሱ።» የአዳማ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር። ታዲያ እኔ ቀልደኛው ምን አልኩ? «የእህቴ እምቢታ እንደ ጅቡቲ ሐዲድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ኦቦ ሮባ ዓይኔን አዩኝና በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ሻሸመኔ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። እነሱ አዎ ሲሉ አዎ፣ አይደለም ሲሉ አይደለም የሆነ፣ የቅዳሜ ሰንበታቸውን እንኳ አንዲት ደቂቃ የማያሾልኩ ሰዎች ናቸው። ሐዲድ አይታጠፍም ከተባለ አይታጠፍም ብለው ሄዱ። ለዱጋሳም እንደዚያው ነገሩት። ዱጋሳም ላንቺ ነገረሽ። አንቺም ቦርሳሽን አነሳሽ።

ስለዚህ «ማን ላይ ነው የተናደድከው?» ካልሽኝ፣ በመጀመሪያ በዚህ ምላስ ላይ ነው። ባንቺም ትንሽ ተናድጃለሁ፤ እስከ እሁድ ብትጠብቂ ምን ነበረበት? ግን ያንቺ ትንሽ ነው፤ የኔ ያመዝናል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። እናትሽ ያን ቀን ከተነፈሰች በኋላ እኔ ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም። «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመለሱት?» እያለች በየክፍሉ ትጠይቀኛለች። አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ቤቱን ሊያፈርሱ የሚለኩ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። «እነዚህ ሌሎች ሽማግሌዎች ናቸው» አልኳት። «ሜትሩስ?» «ለድንኳኑ ነው።» የመጨረሻው ክፍል ላይ ያቺ ቻይናዊት በሩን በልጇ ፊት ላይ ዘጋችው፤ ልጅቷ እያለቀሰች ባቡር ተሳፈረች። እኔ ደግሞ፣ በሰማይ ፍርድ የለ ይመስል፣ «እናትየዋ ‹ደርሰሽ ነይ፤ ምሳ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ› አለቻት» ብዬ ተረጎምኩ። እናትሽ «ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?» አለችኝ። «የደስታ ነው።» «በደስታ እንዲህ ፊት ይጠቁራል?» አለች። ዳንቴሏን ግን ከወደቀበት አነሳችው።

መከራዬ የጀመረው በማግስቱ ነው። «እንደዚያኛው ያለ ሌላ አምጣልኝ» አለች።

እንደዚያኛው ያለ! እንደዚያኛው ያለ እኮ የለም፤ ያኛውም የለም! የሠራሁት እኔ ነኝ!

ቴሌግራም ላይ «የቻይና ፍቅር ወዳጆች» የሚባል ግሩፕ ገባሁ። አትሳቂ አልኩሽ እኮ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ አንዱ ይህን ወደድኩ ሲል ሌላው ‹እሱን ከወደድክ ይህንንም እይ› እያለ ይጠቁማል። አንገቴን አቅንቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰላም ለዚህ ቤት። እንደ ‹ሰባተኛው ጃንጥላ› ያለ ሌላ አለ ወይ? ሽማግሌ በሁለተኛው የሚመለስበት፣ እናት ምሳ ሠርታ የምትጠብቅበት።»

የጥቆማው ብዛት! ጂጂ የምትባል የሻሸመኔ ልጅ «ቀዝቃዛው ዳይሬክተር»ን እዩ አለችኝ። አየን። አንድ ፊቱ የማይፈታ አለቃና ጸሐፊው በየክፍሉ ደረጃ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃሉ። እናትሽ ሦስት ክፍል ታገሠችና «ይህን የሚያህል ሰው ደረጃ መውረድ የማይችል ከሆነ ሐኪም ይየው። ደግሞስ እናቱ የት አለች?» አለች። አጠፋሁት። መተሐራ ያለ መሐመድዘይን የሚባል ሰው «የደመናው ጌታ»ን ላከልኝ፤ ሰማይ ላይ የሚኖሩ፣ የማይሞቱ፣ ነጭ ለብሰው የሚበሩ ፍቅረኞች። «ሦስት ሺህ ዓመት ነው የወደዳት» ብዬ ተረጎምኩላት፤ ይህኛውን እንኳ በእውነት ነው የተረጎምኩት። እናትሽ ከዳንቴሏ ቀና ብላ «ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ አንድ ሽማግሌ አልላከም?» አለች። ይህንንም አጠፋሁት።

ሦስተኛው የውል ጋብቻ ነበር። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ቢሮ ገብተው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ ፍቅሩ በኋላ ይመጣል። «ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። «እየፈረሙ ነው» አልኩ፤ አምልጦኝ ነው። «በፊርማ?» አለች ዝግ ብላ። እኔ ገመዱን በእግሬ ነቀልኩና «መብራት ሄደ» አልኳት። የጎረቤት ራዲዮ እያወራ።

ግሩፑ ውስጥም ጉድ ፈላ። የግሩፑ ኃላፊ ማስተዋል፣ ሞጆ ላይ የፀጉር ቤት ያላት ሴት፣ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሽ ታጠቅ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እርስዎ ያዩት ‹ሰባተኛው ጃንጥላ› የቱ ነው? እኛ ባየነው ሴትየዋ ስጦታውን ትወረውራለች፤ በሩንም ትዘጋለች። ምን ምሳ?» ብላ ጻፈች። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ የሚስቅ ፊት ምስል ስልኬን ሞላው። እኔም አላስቻለኝምና «በእኔ ትርጉም ምሳ አለ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ መሐመድዘይን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ የእርስዎን የት ነው የምናገኘው? ባለቤቴ የእርስዎን ማየት ትፈልጋለች።» ይኸውልሽ፤ እኔ እንደዚያ ያለ ስፈልግ ሰው ሁሉ እኔን ይፈልገኝ ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ በንዴት ሱቅ ውስጥ ብሎን ጠፋብኝ፤ የጠፋብኝ ብሎን በጥርሴ ይዤው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ለእናትሽ አራተኛውን ልከፍትላት ስል «ተወው» አለችኝ። ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያቺ የጃንጥላዋ ሴትዮ ‹ተመለሱ› አላለችም፤ አይደለም?» አለች።

የቴሌቪዥኑ ገመድ እጄ ላይ ቀረ። «ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ፊቷን አየሁት» አለች። «ከፊቷ ላይ ‹ተመለሱ› የሚል ነገር አልነበረም። ያን ቀን የኔም ፊት እንደዚያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሰዎቹ ምን ያድርጉ?»

ታዲያ አውቃ ነበር ያን ሁሉ ክፍል የተከታተለችኝ! ሜትሩን ለድንኳን ነው ስላትም አውቃ ነበር! ስለ ሐዲዱ የነገርኳቸውን ያን ጊዜ ልናዘዝላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወኔ አጣሁ። መጀመሪያ ላንቺ ጻፍኩት። ፊት ታነባለችና ምናልባት እሱንም ታውቀው ይሆናል።

ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሽማግሌዎቹ የሚመለሱበትን ተወው። ሴትየዋ ራሷ ተነሥታ የምትሄድበት የለም?»

«የት የምትሄድበት?»

«ልጇ ጋ ነዋ፣ ደንቆሮ!»

ይህን ለግሩፑ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰው አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ማስተዋል «ጋሼ፣ አለቃ ሠራተኛውን ይቅርታ የሚጠይቅበት ሞልቷል። እናት ወደ ልጇ የምትሄድበት ግን እስካሁን አላየንም። ካገኙ ለኛም ይጠቁሙን» አለችኝ። አሁን አልሳቀችም። በአገራችንም ቢሆን የሴት ወገን ሽማግሌ አይልክምና ወጉ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩ። ቻይንኛውን ታውቂያለሽ፤ ሰዎቹን ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ፊልም ካለ ስሙን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በሲና ላኪልኝ። ከሌለ ግን ቅዳሜ ፋብሪካ ትገቢ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ጻፊልኝ። ዱጋሳ ቅዳሜ ከቤት እንደማይርቅ እናውቃለን። እናትሽ የዱከም ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚሞላ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ «ለምን?» ስላት «ለማወቅ» ትለኛለች። ኦቦ ሮባንም ስታገኚያቸው ያ የሐዲድ ነገር ቀልድ ነበር በይልኝ። አይስቁም፤ ግን ንገሪያቸው።

ሌላው የቤት ወሬ ይህን ያህል ነው። ባለፈው እሁድ ሲና መጥታ ከእናትሽ ጋር ማድ ቤት ገብተው ሲንሾካሾኩ፣ እኔን «ወንድ ነህ፣ ውጣ» ብለው አስወጡኝ። በማግስቱ እናትሽ ገብስ ገዝታ በረንዳው ላይ አሰጣች። ለገንፎ የሚሆነውን ፍሬ ፍሬውን ነው የምትለቅመው። «እዚህ ቤት ገንፎ የሚበላ ማን አለ?» ብላት «አንተ ዶሮ እንዳይገባበት ብቻ ጠብቅ» አለችኝ። ዳንቴሉንም አልተወችም፤ ነጭ ክር ነው። ለጠረጴዛ ልብስ ግን በጣም አነሰብኝ። እኔ የማየውን ነው የምጽፍልሽ፤ የማድ ቤት ነገር አላውቅም።

እግዚአብሔር ዱከምን ነፋስ ያርግልሽ፤ ለአለቆችሽ ቀና ልብ ይስጥልሽ፤ ዱጋሳን ካስነጠሰው ይማርልሽ። የእናትሽ ደጅ ለእግርሽ፣ ያንቺም ደጅ ለእግሯ ይከፈት።

ይህን ስጽፍ እናትሽ ከጀርባዬ ገብሷን እየለቀመች ነው። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። «ከእኔ ጋር ሰላም ብላሻለች ልበል?» አልኳት። ገብሷን መልቀም ቀጠለች። ወረቀቱን ላጥፈው ስል፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ «ማርያም ትቅረባት በላት» አለችኝ።

እንዳለችው ጻፍኩት። በዚህ ዓመት ካስተረጎምኩት ሁሉ አንድ ቃል ያልጨመርኩበትና ያልቀነስኩበት ይህ ብቻ ነው።

ወዳጅሽና በዳይሽ፣
አጎትሽ